ቤዙ ከክፍሉ ሲወጣ

ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ አንድ ሀበሻ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው፣ ምን አይነት ሙዚቃ እንደምወድ ጠየቀኝና ደብስቴፕ አልኩት። ሳቀ። በክፋት አይደለም፣ በቃ ሳቀ፣ ከዛ ደግሞ በአፉ ያንን ድምፅ ማውጣት ጀመረ፣ ያ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን፣ ብረት በብረት ሲፋቅ የሚመስለውን። "ይሄ ነው አይደል?" አለኝ። አይደለም ልለው ፈልጌ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ቤት ገብቼም አልለቀቀኝም፣ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ፣ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ረጅም ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሰፈሩ። ክሮይደን ይባላል፣ ለንደን ደቡብ ጫፍ ላይ ያለ፣ ትራም ያለው፣ ግራጫ የቢሮ ፎቆች የበዙበት፣ የመሀል ከተማ ሰው "እዛ ደግሞ ምን ልሰራ" የሚለው አይነት ቦታ። ሰሪ ስትሪት የሚባል የአትክልት ገበያ አለ፣ እዛ መንገድ ላይ ደግሞ ቢግ አፕል የሚባል የሙዚቃ ሸክላ የሚሸጥ ሱቅ ነበር። ባንኮኒው ጋ ሃቻ የሚባለው ዲጄ ይሰራል፣ ስክሪምና ቤንጋ ደግሞ ያኔ ገና አስራዎቹ ውስጥ ያሉ ልጆች ናቸው፣ ቤታቸው ኮምፒውተር ላይ ፍሩቲ ሉፕስ በሚባል የሙዚቃ መስሪያ ፕሮግራም የሰሩትን ይዘው እየመጡ ያሰሙታል። እኔ በ2003 በአስራ ስድስት ዓመቴ አክስቴ ጋ ስመጣ ሱቁ ክፍት ነበር። አክስቴ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትገዛው እዛው ገበያ ነው፣ ፌስታል ተሸክሜ በዛ መንገድ ስንቴ እንዳለፍኩ እግዜር ይወቀው፣ አንድ ቀን ግን ገብቼ አላውቅም። በ2004 ተዘጋ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደብስቴፕ ከባዶ አልተነሳም። ከሱ በፊት የእንግሊዙ ገራጅ የሚባል የጭፈራ ሙዚቃ ነበር፣ በ1999 በ2000 አካባቢ ቻርቱን የተቆጣጠረው፣ ሻምፓኝ የሚከፈትበት፣ በስኒከር አይገባም የሚባልበት። ገራጁ ሲገንንና ክለቦቹ ላይ ጠብ ሲበዛ ጥቂት ሰዎች የዘፋኙን ድምፅ ከውስጡ አስወጡና ከበሮውንና ቤዙን፣ ያን ወፍራሙን የታች ድምፅ፣ ብቻ አስቀሩት፣ ጨለማ ጨለማ እንዲል አደረጉት። በ2001 ፎርዋርድ የሚባል ምሽት ሶሆ ውስጥ ተጀመረ፣ ከዛ ሾርዲች ወዳለችው ፕላስቲክ ፒፕል ወደምትባል ትንሽ ምድር ቤት ተዛወረ። ማለትም ይሄ ሙዚቃ ራሱ የተወለደው ሌላው ሲወድቅ ነው። ይሄን ያኔ ባውቅ ኖሮ ኋላ የመጣው ነገር ያን ያህል ባላስደነገጠኝ ነበር።

አሁን ስለ ድምፁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዛ ላይ ነው ያለው። ሙዚቃው በደቂቃ 140 ምት ነው። ቁጥሩን ስታየው ፈጣን ነው፣ ግን ስኔሩ፣ ያ ጧ የሚለው ከበሮ፣ የሚወድቀው በሦስተኛው ምት ላይ ብቻ ስለሆነ ሰውነትህ በ70 ነው የሚሄደው። መሀል ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ አለ። ሳስበው ለእኛ ሰው በዝማሜ ማስረዳት ይቀለኛል፣ ከበሮው አንዴ ድም ይልና ዝም፣ መቋሚያው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ በመሀል ያለው ዝምታ ራሱ የዜማው አካል ነው፣ ማንም "ለምን ቶሎ አይመቱም" አይልም። እኔ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስቆም ከበሮው በጆሮዬ ሳይሆን ደረቴ ላይ ነበር የሚሰማኝ። ክሮይደን ተወልደው ያደጉ ልጆች ይሄንን ስሜት ከየት አገኙት ካላችሁ፣ ከጃማይካ ነው፣ ከሳውንድ ሲስተሙ፣ ማለትም ግዙፍ ስፒከር ደርድረው ሙዚቃ ከሚያጫውቱት ሰዎች።

ወደዚህ ሙዚቃ የወሰደኝ የክፍሌ ልጅ ነበር፣ ቤተሰቦቹ ጃማይካዊ ናቸው። ቤታቸው ስሄድ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የጃንሆይ ፎቶ ተሰቅሏል፣ እኛ ቤት እንኳን የሌለ ትልቅ ፎቶ፣ አባትየው ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲሰማ ከወንበሩ ተነስቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘኝ። ጃ ሻካ የሚባለውን ሳውንድ ሲስተም ሲከተል ነው ወጣትነቱን ያሳለፈው፣ ሻካ ከሰባዎቹ ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 2023 ድረስ ደቡብ ለንደንን ያንቀጠቀጠ ሰው ነው፣ ሙዚቃው ውስጥ ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ የሚል ስም በየመሀሉ የሚጠራበት። እና እንግዳ አገር መጥቼ፣ ቋንቋው እያስቸገረኝ፣ የአገሬን ስም በዛ ክብደት የሚጠራ ሰው ማግኘቴ ምን እንዳደረገኝ እዚህ ላይ መጻፍ አልችልም።

በማርች 2005 ማላ፣ ኮኪና ሎፋ የሚባሉት ልጆች ዲኤምዚ የሚባል ምሽት ብሪክስተን የሚባል የደቡብ ለንደን ሰፈር ውስጥ ጀመሩ፣ ማይኩን የሚይዘው ሳርጀንት ፖክስ ነው። ቦታው የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ነው፣ አዎ ቤተ ክርስቲያን፣ ያኔ ከፊሉ አምልኮ የሚካሄድበት ከፊሉ ክለብ ነበር። ፍላየራቸው ላይ ኑና በቤዙ ክብደት ተመሰጡ የሚል ነገር ይጽፉ ነበር፣ ቃሉ ሜዲቴት ነው፣ ኑና ጨፍሩ አላሉም። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት በዛው ዓመት በፈረንጆቹ በጋ ላይ ነው። መብራት የለም ማለት ይቻላል። ስፒከሮቹ ከሰው ቁመት በላይ ተደርድረዋል። ሰው ዲጄውን አያይም፣ ፊቱን ወደ ስፒከሩ ወይ ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ኮፍያውን ደፍቶ ይወዛወዛል። ቤዙ ሲገባ ሱሪዬ እግሬ ላይ ተርገበገበ። ጉሮሮዬን ኮረኮረኝ። አንድ ሰው የፕላስቲክ ብርጭቆ ስፒከሩ አናት ላይ አስቀምጦ ነበር፣ ግማሽ ውሃ ያለበት፣ ብርጭቆው በቤዙ ንዝረት ብቻ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ጠርዙ ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ሲሄድ አየሁት፣ ሁለት ሙሉ ዘፈን ፈጀበት፣ ከዛ ወደቀ። ማንም ዞር አላለም። እኔም ብርጭቆውን ማየት የቻልኩት አጠገቡ ስለቆምኩ ነው።

ጠዋት ስገባ አክስቴ ለቅዳሴ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ አገኘችኝ። "የት ነው ያደርከው አንተ ልጅ?" አለችኝ። "ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ እቴቴ" አልኳት። ደስ አላት፣ "እሰይ የኔ ልጅ፣ ይባርክህ" አለችኝ፣ ያን ቀን ምሳ ጉሮሮዬ ላይ ነው የቀረው። ከዓመታት በኋላ እውነቱን ነገርኳት፣ ሕንፃውን ሄጄ አሳየኋት፣ ዝም ብላ አየችውና "ጸልየህ ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት፣ ይሄኛውን ስላት አልዋሸሁም።

ስለ ደብፕሌት ካላወራሁ ታሪኩ ሙሉ አይሆንም። አዲስ ዘፈን የሰራ ሰው ፎረስት ሂል ወደሚገኘው ትራንዚሽን ወደሚባል ስቱዲዮ ይሄድና አንድ ኮፒ ያስቀርጻል፣ አንድ ብቻ፣ እንደ ሱቅ ሸክላ ያልጠነከረ ለስላሳ ነገር ላይ። በተጫወተ ቁጥር ይፋቃል፣ ብዙ ጊዜ ከተጫወተ በኋላ ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል። ስለዚህ ያንን ዘፈን ለመስማት ያ ሰው ባለበት ቀን እዛ ክፍል ውስጥ መገኘት ነበረብህ፣ ሌላ መንገድ የለም። አንዳንዱ ዘፈን ዓመት ሙሉ እንደዛ ይቆያል፣ ስሙን ሳናውቅ "ያቺ ዋሽንት ያላት" እያልን እንጠራዋለን። ሌላው አማራጭ ሪንስ ኤፍኤም ነበር፣ ከ1994 ጀምሮ ያለፈቃድ የሚሰራጭ፣ አንቴናው ፎቅ ጣሪያ ላይ የሚደበቅ ሬድዮ፣ ፈቃድ ያገኘው በ2010 ነው። እኔ በካሴት እየቀዳሁ ለሚያውቀኝም ለማያውቀኝም አድል ነበር። ይሄን አስታውሱልኝ፣ ሙዚቃው እንዲስፋፋ ከሚፈልጉት አንዱ እኔው ነበርኩ።

በጃንዋሪ 2006 ቢቢሲ ሬድዮ 1 ላይ ሜሪ አን ሆብስ የምትባል አዘጋጅ እነዚህን ልጆች ሰብስባ አንድ ሙሉ ፕሮግራም ሰጠቻቸው። እኔ አልጋዬ ውስጥ ሆኜ በኢርፎን ነው የሰማሁት፣ አለቀስኩ። ከሁለት ወር በኋላ የዲኤምዚ አንደኛ ዓመት ሲከበር ወረፋው መንገዱን ሞልቶት መጣ፣ ከሌላ አገር በአውሮፕላን የመጣ ሁሉ ነበረበት፣ ታችኛው ክፍል አልበቃ ብሎ ወደ ላይኛው ትልቁ አዳራሽ ተዛወርን። ያን ሌሊት "ድሮ ይሻል ነበር" ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም። እኔም አላልኩም። ደስታ ነበር፣ የሰፈር ልጅ ሲመረቅ አይነት ደስታ።

እና መቼ ነው የዞረው? ብዙ ሰው አሜሪካኖች አበላሹት ይላል። እኔ አልስማማም። እኔ እንዳየሁት የተጀመረው እዚሁ እኛው መሀል፣ በ2007 ነው፣ የተጀመረውም በጥሩ ዘፈኖች ነው። ኮኪ ራሱ፣ የዲኤምዚው ኮኪ፣ ቤዙን እንደ እንስሳ የሚያስጮህ ዘፈን አወጣ፣ ስፖንጅቦብ ይባላል፣ ክፍሉ ሊፈርስ ደረሰ። ለንደን ውስጥ ዘፈን በጣም ሲወደድ ሰው ግድግዳ ይደበድባል፣ ዲጄው ሸክላውን ወደኋላ ይመልስና እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል፣ ሪዋይንድ ነው የሚባለው። ከጃማይካ የመጣ ያማረ ልማድ ነው። ችግሩ ምንድነው፣ ፀጥ ያለ ዘፈን ሪዋይንድ አያገኝም። ዓይንህን ጨፍነህ የምትሰማው ነገር ግድግዳ አያስደበድብህም። አንድ ቀን ቆሜ አየሁት፣ ዲጄው ረጅም፣ ባዶ ቦታ የበዛበት ዘፈን አስገባ፣ ከፊሉ ሰው ወደ ባሩ ሄደ፣ ቀጥሎ የሚጮኸውን ሲያስገባ ሁሉም ተመልሶ ሮጠ፣ ሦስት ጊዜ ተመለሰ። ቤቱ ተቀምጦ ሙዚቃ የሚሰራ የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ይሄንን ሲያይ ምን ይማራል? ሰኞ ቤቱ ገብቶ የቱን ይሰራል? ማንም ክፉ አልነበረም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ እየጮኸ ሄደ፣ ልክ እንደዛ ብርጭቆ።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ስፒከር ነው፣ እና ይሄንን ሰው ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። 50 ሄርዝ የሆነ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ ማለትም ያኔ የምንሰማው አይነት ቤዝ፣ አንዱ ሞገዱ ብቻ ወደ 7 ሜትር ይረዝማል፣ ከብዙዎቻችን ሳሎን ይበልጣል። ላፕቶፕና ስልክ ይሄንን ድምፅ ማውጣት አይችሉም፣ በቃ የለም፣ ዘፈኑን ስትከፍተው ከበሮው ይንኳኳል መሀሉ ባዶ ነው። ዩቲዩብ ሲመጣና ሙዚቃው ከክፍሉ ወጥቶ በላፕቶፕ መሰማት ሲጀምር ያ ባዶ ቦታ ስህተት መሰለ። ሰሪዎቹም ቤዙን ወደ ላይ ሳቡት፣ ትንሽዬ ስፒከር ሊያወጣው ወደሚችለው መሀለኛ ድምፅ አመጡት፣ ያንን ደግሞ እንዲከብድ ሲያጣምሙት፣ ሲያሻክሩት ያ ልጅ በአፉ ያወጣው ድምፅ ሆነ። ማለት የፈለግኩት፣ ብረት ፍቀቱ የመጣው ሙዚቃው ከገላ ወደ ጆሮ ሲዛወር ነው። ባዶ ቦታው ተሞላ። ዝምታው ሄደ።

ሰዉም ተቀየረ። አብራኝ የምትሄድ አንዲት ሀበሻ ጓደኛ ነበረችኝ፣ ሁልጊዜ ግራ ጥግ ስፒከሩ አጠገብ ቆማ፣ ጃኬቷን ወገቧ ላይ አስራ፣ አምስት ሰዓት ሙሉ ዓይኗን ሳትገልጥ የምትቆም፣ ማንም ነክቷት አያውቅም። በ2010 አንድ ትልቅ ክለብ ሄድን፣ ስሙ ይቅር። መድረክ አለ፣ ሌዘር አለ፣ ሁሉም ፊቱን ወደ ዲጄው አዙሯል፣ ስልክ ተነስቷል፣ እና ድሮፑ፣ ቤዙ በአንዴ የሚገባበት ቦታ፣ ሲመጣ ሸሚዛቸውን ያወለቁ ልጆች መሀል ላይ ክብ ሰርተው መጋጨት ጀመሩ። አንዱ በክርኑ የጎኗን አጥንት መታት፣ ወደቀች፣ ሳነሳት ፊቷ ላይ ያየሁት ሕመም ብቻ አልነበረም፣ ቤቷ የገባ ሌባ ያየች ነው የምትመስለው። ታክሲ ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። ከዛ በኋላ ተመልሳ ሄዳ አታውቅም። ክፍሉ ውስጥ ሴት እየጠፋ የሄደው እንደዚህ ነው፣ አንድ በአንድ፣ ማንም ሳይቆጥር።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልለፈው። በ2009 ስክሪም ላ ሩ የሚባል ቡድን ያወጣውን ዘፈን ሪሚክስ አድርጎ የትም ቦታ ተሰማ፣ እሱን አሁንም እወደዋለሁ። በ2010 ስክሪም፣ ቤንጋና አርትዎርክ ማግኔቲክ ማን በሚል ቡድን ስም ቻርቱ አናት አካባቢ ገቡ። በ2011 ዲጄ ፍሬሽ ደብስቴፕ ነው የተባለለት ዘፈን ይዞ እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ ወጣ። በዛው ዓመት የብሪትኒ ስፒርስ ዘፈን መሀል ሳይቀር ያ ድምፅ ነበር። በፌብሯሪ 2012 ስክሪሌክስ የሚባለው አሜሪካዊ ሦስት ግራሚ ወሰደ። ስክሪሌክስን አልጠላውም፣ ከሮክ ባንድ የመጣ ልጅ ነው፣ የሰማውን ወስዶ በራሱ መንገድ ሰራው፣ ብሪክስተን ያለውን ክፍል አላየውም ብዬ ልከሰው አልችልም።

ከግራሚው አንድ ወር በፊት ለጥምቀት አዲስ አበባ ነበርኩ። የአጎቴ ልጅ፣ ያኔ አስራ አምስት ዓመቱ፣ "ደብስቴፕ እኮ አውቃለሁ" ብሎ ስልኩን አወጣና ከፈተልኝ። ስፒከሯ እንደ ቆርቆሮ ትንጫጫለች፣ እሱ ራሱን እየነቀነቀ ፊቴን ያያል፣ እንድደሰትለት። አቅፌው ጎበዝ አልኩት፣ ሌላ ምን ልበለው። በማግስቱ ጃንሜዳ ታቦት ሲያልፍ ሰው ገፍቶን ከበሮ የሚመታው ሰውዬ አጠገብ ደረስን፣ አንድ ክንድ ያህል ነው የቀረን፣ እና እጄን ልጁ ደረት ላይ አደረግኩና "ይሄ ነው፣ ይሄ ነው ያልኩህ" አልኩት። እልልታው ስለበዛ አልሰማኝም።

ከዛ በኋላ መውደቁ ፈጣን ነበር። ማስታወቂያ ሁሉ በዛ ድምፅ ሆነ፣ የመኪናው፣ የምኑ፣ ሰው ሰለቸው። በ2013 ስክሪም ራሱ ወደ ሃውስና ዲስኮ ዞረ። ስሙ ማፈሪያ ሆነ፣ አዘጋጆች ከፍላየር ላይ አወጡት፣ ዛሬ እንኳን ዋናውን የሚሰሩ ልጆች "140 ነው የምሰራው" ነው የሚሉት፣ ደብስቴፕ አይሉም። ፕላስቲክ ፒፕል በ2015 መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። ያኔ ደጁ ድረስ ሄጄ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ።

አንድ ነገር ግን ሀሳቤን ያስቀይረኛል። በሪያል የሚባለው የለንደን ደብስቴፕ ሰሪ። በ2006ና በ2007 ሁለት አልበም አወጣ፣ በ2008 ሜርኩሪ ለሚባለው የእንግሊዝ የአልበም ሽልማት ታጨ፣ ዓለም ሁሉ ሰማው፣ በኢርፎንም በላፕቶፕም ተሰማ፣ እና አልተበላሸም። የሌሊት ባስ ውስጥ፣ ዝናብ መስኮቱን ሲመታ፣ ዛሬም ብሰማው ያው ነው። ታዲያ ዝና ብቻውን ሙዚቃ የሚገድል ከሆነ እሱን ለምን አልገደለውም? እኔ የሚመስለኝ ዲጄ ሆኖ አያውቅም፣ ክለብ ውስጥ ቆሞ የትኛው ዘፈን ግድግዳ እንዳስደበደበ አልቆጠረም፣ ስሙን እንኳን ለረጅም ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። ማንም በጩኸት ሊሸልመው የማይችልበት ቦታ ላይ ተቀምጦ ነው የሰራው። ስለዚህ የሰው መብዛት ብቻ አይደለም ማለት ነው፣ የበዛው ሰው ምን ሲሰማ እንደሚጮህ ነው። ይሄንን እያሰብኩ ማላን አስታውሳለሁ፣ በ2006 ያቋቋመው ዲፕ ሜዲ የሚባለው የሙዚቃ አሳታሚ ያ ሁሉ ግርግር ሲያልፍ ሸክላ ማሳተሙን አላቆመም። አልጮኸም፣ አልሸሸም። እንደሱ ያለ ሰው ስንት አለ?

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ልጁን ቁጭ አድርጌ ይሄንን ሁሉ ነገርኩት፣ ከዚህ ባጠረ መልኩ። የብርጭቆውን ነገር ስነግረው መብላቱን አቆመ። "ታዲያ አሁን የት ነው የሚሰማው?" አለኝ፣ ስልኩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ከተተ። በስልክ አይሆንም አልኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ፣ ባቡር መንገድ ስር ካሉት ቅስት ክፍሎች አንዱ ውስጥ፣ ስፒከሩን ራሳቸው የሰሩ ልጆች አሉ፣ መቶ ሰው ቢይዝ ነው፣ ይዤህ እሄዳለሁ አልኩት። የጆሮ መድፈኛ ሁለት ገዝቻለሁ፣ አንዱ የሱ ነው።